«የአባቴ ሞት ለእኔም ተደግሶልኛል?»

ዛሬ የኩርፊያና የቅናት ደብዳቤዎቻችሁን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጌ፣ አንዲት የደሴ ልጅ የላከችልኝን ይዤ ቀርቤያለሁ። የእርሷም ቢሆን የፍቅር ደብዳቤ ነው። ፍቅሩ መሐል ግን በሽታ ገብቶበታል። ስምና መሥሪያ ቤት አውጥቼ፣ ጥቂት አሳጥሬ እነሆ፦

«የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው፤ ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ ጧት ማታ ሐረጎን ስወርድና ስወጣ ነው የምኖረው። ሁለት ዓመት የሞላን ጓደኛ አለኝ። በጣም እንዋደዳለን። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ተስማምተናል።

«አባቴ በ43 ዓመቱ በአንጀት ነቀርሳ ሞተ። ያኔ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ ማለት ነው፣ በ47 ዓመቷ በማህፀን ካንሰር አረፈች። የአላህ ሥራ ነው ብለን ተቀመጥን። ዘንድሮ ደግሞ የ31 ዓመት ወንድሜ ታመመ። አንድ ዓመት ሙሉ ደም ሲያየው ‹ኪንታሮት ነው› እየተባለ የባህል መድኃኒት ሲቀባ ከርሞ፣ በመጨረሻ ሲመረመር የትልቁ አንጀት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። አሁን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ያከመው ሐኪም ‹ይሄ ነገር የዘር ሊሆን ስለሚችል እህት ወንድሞችህም ይታዩ› አለው። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ ‹ዋ! ይሄ ወሬ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ! ማን ያገባሻል?› ብላ አስማለችኝ።

«ለመሆኑ ካንሰር በዘር ይወረሳል? የአባቴ ሞት ለእኔም ተደግሶልኛል ማለት ነው? ለጓደኛዬስ ልንገረው ወይስ እንደ እናቴ ቃል ዝም ልበል? መውለድስ አለብኝ? እንቅልፍ አጥቻለሁና ምከሩኝ።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሐኪም አይደለሁምና መርምሬ አልነግርሽም። የጠየቅሽው ነገር ግን ሳይንሱ በደንብ የሚያውቀው ስለሆነ መልሱን ላስቀድምልሽ። አዎ፣ አንዳንድ የአንጀት ካንሰር በዘር ይወረሳል። የቤታችሁ ታሪክም ይህንኑ የሚያስጠረጥር ነው። ሞት ግን አልተደገሰልሽም። እንዲያውም አባትሽ ያላገኘው ዕድል በእጅሽ ነው። እርሱ የነቃው ከታመመ በኋላ ነው፤ አንቺ ግን ገና ምንም ሳይሰማሽ ነቅተሻል።

ነገሩ ከምን ይጀምራል?

እኛ አገር ፍቅሩም ኀዘኑም ማደሪያው አንጀት ነው። «አንጀቴን በላችው»፣ «አንጀቴ ተንሰፈሰፈ» ስንል እንውላለን። አንጀቱ ራሱ ሲታመም ግን ነውር ይሆንና አፋችን ይታሰራል። እስቲ ዛሬ ነውሩን ትተን እናውራ።

ትልቁ አንጀት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝም ቱቦ ነው። የውስጥ ሽፋኑ በየጥቂት ቀኑ እየረገፈ በአዲስ ይተካል። በዚህ መተካካት መሐል አልፎ አልፎ ልኩን ስቶ የሚያድግ ቦታ ይኖርና እንደ ትንሽ እንጉዳይ ያለ ሥጋ ብቅ ይላል። ፖሊፕ የሚባለው ይሄ ነው። አብዛኛው ፖሊፕ ሰውየውን ሳይጎዳ ይኖራል። አንዳንዱ ግን ቀስ እያለ፣ ብዙ ጊዜ 10 ዓመት ያህል ፈጅቶ፣ ወደ ካንሰር ይለወጣል። ሲያድግ አያምም። ስለዚህ ሰው ደህና ነኝ ብሎ ይቀመጣል። ፖሊፑ ካንሰር ሳይሆን ተገኝቶ ከተቆረጠ ግን ነገሩ እዚያው ያበቃል።

አብዛኛው የአንጀት ካንሰር በዘር የሚመጣ አይደለም። ዕድሜ፣ አመጋገብ፣ ሲጋራ፣ መጠጥና ውፍረት ድርሻ አላቸው። ከመቶው 5 ያህሉ ግን ከወላጅ በተወረሰ የታወቀ የጂን ጉድለት የሚመጣ ነው። ከእነዚህ መካከል ሁለቱን ማወቅ ይበቃናል።

የመጀመሪያው በሽታ ፖሊፑ በአንድና በሁለት የማይቆም፣ በመቶና በሺህ የሚቆጠር ነው። ጉድለቱ ያለው በ5ኛው ክሮሞዞም ላይ፣ ኤ.ፒ.ሲ. በሚባለው ጂን ላይ ነው። ጂኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ሥራው የፍሬን ሥራ ነው። በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ የጭነት መኪና የእግር ፍሬንም የእጅ ፍሬንም አለው አይደል? አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይይዘዋል። እያንዳንዱ ሕዋሳችንም እንዲሁ ከአባት አንድ፣ ከእናት አንድ ፍሬን ተሰጥቶታል። ይህ በሽታ ያለበት ልጅ ከነአንድ ብልሽት ፍሬን ነው የሚወለደው። በአንጀቱ ውስጥ በአንዱ ሕዋስ ሁለተኛው ፍሬን በተበጠሰ ቁጥር አንድ ፖሊፕ መብቀል ይጀምራል። ነገሩ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ በአሥራዎቹ ዕድሜ ነው። አንጀቱ በጊዜው በቀዶ ሕክምና ካልወጣ በ40 ዓመት አካባቢ ካንሰር መሆኑ አይቀርም ማለት ይቻላል። ደግነቱ በሽታው ብርቅ ነው፤ ከ10,000 ሰው አንዱን ያህል ነው የሚያገኘው። ከታማሚዎቹም ሩብ ያህሉ በቤተሰባቸው የመጀመሪያ ናቸውና፣ «በቤታችን የለም» ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ሁለተኛው የሊንች በሽታ ይባላል። ከአንጀት ካንሰር መቶው 3 ያህሉ በእርሱ ሳቢያ ነው። እዚህ የተበላሸው ፍሬኑ አይደለም፤ አራሚው ነው። እኛ ጋዜጣ ቤት አራሚ የሚባል ሰው አለ። ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት የፊደል ስሕተት ይለቅማል። አራሚው የቀረ ቀን ጋዜጣው ምን ሆኖ እንደሚወጣ አንባቢም ያውቃል! ሕዋስም ሲባዛ የዘር ጽሑፉን ይገለብጣል፣ ሲገለብጥ ይሳሳታል፣ የሚያርሙት ጂኖችም አሉት። ከእነዚህ አንዱ ተበላሽቶ ሲወረስ ስሕተቱ ይጠራቀማል። ፖሊፖቹ ጥቂት ናቸው፤ ግን 10 ዓመት አይጠብቁም። በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ካንሰር ሊለወጡ ይችላሉ። በሽታው አንጀት ላይ ብቻም አያቆምም። በሴቶች የማህፀንና የእንቁላል ማምረቻ፣ በሁለቱም ጾታ የጨጓራና የሽንት ቧንቧ ካንሰር ያመጣል። እህቴ፣ የአክስትሽ ማህፀን ከአባትሽ አንጀት ጋር በአንድ ገመድ የሚታሰረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰባት ቤት ቆጥረን በሽታ አንቆጥርም

ለጋብቻ ስንፈላለግ ዘር እንቆጥራለን። ሽማግሌዎቹ ሰባት ቤት ድረስ ወጥተው ወርደው ይጠይቃሉ። አያትና ቅድመ አያታችንን በስም እናውቃለን። በምን እንደሞቱ ግን? «በሆድ ሕመም»፣ «ደም ፈሷት»፣ «መድኃኒት አብልተውት»… እዚያው ያበቃል።

ብዙ ሰው ደግሞ «እኛ ከዘመድ አንጋባም፣ ስለዚህ የዘር በሽታ የለብንም» ይላል። ይሄ ለእነዚህ ሁለት በሽታዎች አይሠራም። ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ብቻ ጉድለቱን ቢይዝ ይበቃል። (ከሁለቱም ወላጅ ሲወረስ ብቻ የሚመጣ ሌላ የፖሊፕ በሽታም አለ። ዘር መቁጠሩ የሚረዳው ለእንደዚያ ያለው ነው።) ጉድለቱን የያዘ ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፉ ዕድል 50 በመቶ ነው። ሳንቲም እንደ መወርወር ቁጠሩት። ሳንቲሙ ለእያንዳንዱ ልጅ እንደገና ይወረወራልና፣ «ወንድሜ ወስዶታል፣ እኔ ድኛለሁ» ወይም «እርሱን ከያዘው እኔንም ይይዘኛል» የሚባል ነገር የለም። ወንድ ሴት አይለይም። ያልወረሰ ልጅ ደግሞ ለልጆቹ የሚያስተላልፈው ነገር የለውም።

ይህ በሽታ እንዴት እንደታወቀ ባጫውታችሁ። እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ሐኪም አልድሬድ ዋርቲን ከአንዲት ልብስ ሰፊ ጋር ይጨዋወታል። ሴትየዋ «እኔ በወጣትነቴ ነው የምሞተው፤ ዘመዶቼ በአንጀት፣ በጨጓራ ወይም በማህፀን ካንሰር ነው የሚያልቁት» ትለዋለች። እንዳለችውም በማህፀን ካንሰር ሞተች። ዋርቲን ነገሩን አልናቀውም። የቤተሰቧን ዘር ቆጥሮ እ.ኤ.አ. በ1913 አሳተመው። ከዓመታት በኋላ ሄንሪ ሊንች የተባለው ሐኪም ሌሎች እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን እየቆጠረ በሽታው በዘር እንደሚወረስ ሲናገር ብዙዎች አላመኑትም። ጂኖቹ አንድ በአንድ የተገኙት እ.ኤ.አ. በ1993 እና በ1994 ነው። በ2000 ደግሞ በዚያችው ልብስ ሰፊ ቤተሰብ ውስጥ የተበላሸው ጂን ራሱ ተለይቶ ታወቀ። ያቺ ሴት ሳይንሱን በመቶ ዓመት የቀደመችው ዘመዶቿ በምን እንደሞቱ ስላወቀች ብቻ ነው።

እንግዲህ እናንተም ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ለእያንዳንዱ ዘመድ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምኑን ታመመ? በስንት ዓመቱ ታወቀበት? ለእናንተ ምናችሁ ነው? ሐኪሞች «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» የሚሉት መለኪያ አላቸው። በአንጀት፣ በማህፀን ወይም ከእነዚህ ጋር በተያያዘ ካንሰር የታመሙ ሦስት ዘመዳሞች (አንዱ ለሁለቱ ወላጅ፣ ልጅ ወይም እህት ወንድም የሆነ)፣ በሁለት ትውልድ፣ ቢያንስ አንዱ ከ50 ዓመት በፊት የታወቀበት ከሆነ፣ ሊንችን ጠርጥሩ ነው። እህቴ፣ አባትሽ፣ አክስትሽና ወንድምሽ ሲቆጠሩ ሦስቱም ተሟልቷል። መለኪያው ባይሟላም እንኳ አንድ ወላጅ ወይም እህት ወንድም በልጅነት ዕድሜው በአንጀት ካንሰር ከታመመ ሐኪም ማማከር ይገባል።

በወሎ ደግሞ አንዱ ቤት ሙስሊም፣ ሌላው ክርስቲያን ሆኖ ዘመድነቱ አንድ ነው። ስትቆጥሩ ሁለቱንም ወገን ቁጠሩ። የእናትንም ወገን አትርሱ፤ ጂን የአባት ስም ተከትሎ አይሄድም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ሆስፒታሎች ተዘርፈዋል። በዚያ ጊዜ የሕክምና ወረቀቱ የጠፋበት ቤት ካለ፣ የቀረው መዝገብ የአክስቶችና የአያቶች ትዝታ ነው። ለቅሶ ቤት ወይም ቅሬ ላይ አትጠይቁ፤ ሰዉ ሆድ ይብሰዋል። ቡና ተፈልቶ፣ ሁለተኛው ሲደርስ፣ «እትዬ፣ አባባ ሲታመሙ መጀመሪያ ምናቸውን ነበር ያመማቸው?» ብላችሁ ቀስ ብላችሁ ጀምሩ።

«ኪንታሮት ነው» የምትለዋ ቃል

የወንድምሽ ታሪክ የብዙ ወጣት ታሪክ ነው። በአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ላይ የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር በወንዶች ዘንድ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከሚደርሱት ሕሙማን ብዙዎቹ ገና ጎልማሶች ናቸው፤ ዘግይተው የሚመጡትም ብዙዎች ናቸው። ከሚያዘገዩን ነገሮች አንዱ ይህቺ ቃል ናት።

እርግጥ ነው፣ ደም ያየ ሰው ሁሉ ካንሰር የለበትም። አብዛኛው እውነትም ኪንታሮት ሊሆን ይችላል። ግን ሳይታይ እንዴት ታወቀ? ደም ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በላይ ከተመላለሰ፣ ሆድ ያለወትሮው መድረቅ ወይም መቅለል ካበዛ፣ ተጸዳድተው ያልጨረሱ ከመሰለ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ በተለይ ወጣት ወንድ ያለምክንያት ደም ካነሰው፣ ዝም አትበሉ። በየጊዜው «አሜባ ነው» ተብሎ እንክብል ተሰጥቷችሁ ካልተሻላችሁም እንደዚያው። ሐኪሙ በጓንት ፊንጢጣን በጣት መመርመሩ ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው። የሚያሳፍር ከሆነ የሚያሳፍረው ለአንድ ደቂቃ ነው። ቅባቱን ግን እባካችሁ ከመመርመራችሁ በፊት አትጀምሩት።

አሁን ምን ታደርጊ?

አንደኛ፣ የወንድምሽን የፓቶሎጂ ውጤት ግልባጭ ያዙ። በቀዶ ሕክምና የወጣው ሥጋ በሰም ተደርጎ ይቀመጣል። አራሚዎቹ ሥራቸውን ማቆም አለማቆማቸው ከዚያው ሥጋ ላይ ሊመረመር ስለሚችል እንዳይጣል አደራ በሉ። የጂን ምርመራውም የሚጀመረው ከታመመው ሰው ነው። በእርሱ ላይ ጉድለቱ ከተገኘ የአንቺ ጥያቄ አዎ ወይም አይ ይሆናል። «አይ» ከሆነ ሸክሙ ከትከሻሽ ወረደ ማለት ነው። ይህ ምርመራ በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ባይገኝ ግን ተስፋ የለም ማለት አይደለም፤ ያለ ጂን ምርመራም ክትትል ይጀመራል።

ሁለተኛ፣ የቆጠርሽውን ወረቀት ይዘሽ ደሴ ሆስፒታል ሂጂ። የጤና መድን ካርድ ካለሽ ከጤና ጣቢያ ጀምረሽ የሪፈር ወረቀቱን ሥርዓት ጠብቂ፤ ዘለሽ ከሄድሽ ወጪው በራስሽ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ለሐኪሙ «ሆዴን ያመኛል» አትበዪው። «አባቴ በ43፣ አክስቴ በ47፣ ወንድሜ በ31» ብለሽ ጀምሪ። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ከብዙ ወሬ ይበልጣሉ።

ሦስተኛ፣ ኮሎኖስኮፒ። ካሜራ ያለበት ቀጭን ቱቦ በፊንጢጣ ገብቶ አንጀቱን ያያል። ፖሊፕ ካገኘ እዚያው ይቆርጠዋል። ከዋዜማው ጀምሮ ፈሳሽ ብቻ እየወሰዱ አንጀትን በመድኃኒት ማጠብ አለ፤ እውነቱን ለመናገር ከምርመራው ይልቅ የሚያሰለቸው ይሄ ነው። በምርመራው ጊዜ ማስታገሻ ይሰጣል። ሊንች በሚጠረጠርበት ቤት ከ20 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ተጀምሮ በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱ ይደገማል። በመጀመሪያው ዓይነት፣ ማለትም ፖሊፑ በሺህ በሚቆጠርበት በሽታ፣ ክትትሉ ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀመራል። አንቺ 26 ነሽ፣ እንግዲህ ጊዜው አሁን ነው። በፊንላንድ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች በየሦስት ዓመቱ እየታዩ ለ15 ዓመት ተጠንተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ውጤት እንዳሳየው ከተከታተሉት መካከል የአንጀት ካንሰር ከግማሽ በላይ ቀንሷል።

አራተኛ፣ ከወር አበባ ውጭ ወይም ያለልኩ ደም ካየሽ ለማህፀን ሐኪም ቶሎ ንገሪ። ሊንች ከተረጋገጠ፣ ወልደሽ ከጨረስሽ በኋላ ማህፀንን ስለማስወጣት ሐኪሙ ሊያማክርሽ ይችላል። ያ የነገ ጉዳይ ነው፤ ዛሬ አትጨነቂበት።

ልንገረው ወይስ ዝም ልበል?

ንገሪው። ከሽማግሌው በፊት ንገሪው።

እናትሽን አልወቅሳትም። ባሏን የቀበረች፣ ልጇ ቀዶ ሕክምና ላይ የተኛባት ሴት ናት። የቀረችላትን ልጅ ሰው እንዳይሸሽባት ፈርታ ነው። ግን እስቲ አስቢው፦ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ አንጀትሽን አጥበሽ የምትመረመሪ ከሆነ፣ ከአንድ ጣራ ሥር ሆነሽ እስከ መቼ ትደብቂዋለሽ? መደበቅ ያማረሽ ቀን የሚቀረው ምርመራው ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ለዚህ ነው።

አነጋገሩ ግን ወግ አለው። መጀመሪያ ሐኪም አነጋግሪ። ከዚያ ብቻችሁን፣ ለእርሱ ብቻ ንገሪው፤ ለቤተሰቦቹ መንገር ያለባችሁ ነገር ካለ ሁለታችሁ ተማክራችሁ ነው። «ካንሰር አለብኝ» አትበዪው፤ የለብሽምና። «በአባቴ ወገን በዘር የሚሄድ ነገር ተጠርጥሯል፤ ወርሼው ሊሆን ይችላል፣ ላልወርሰውም እችላለሁ፤ ክትትል ጀምሬያለሁ» በዪው። የሚሸሽ ከሆነ ያማል፣ አልዋሽሽም። ግን ከሦስት ልጅ በኋላ ከሚሸሽ አሁን ቢሸሽ ይሻላል። የሚወድሽ ከሆነ ደግሞ ለምርመራው አብሮሽ የሚሄድ፣ ማስታገሻው እስኪለቅሽ ጠብቆ ቤትሽ የሚያደርስሽ ሰው አገኘሽ።

መውለድ አለብኝ ወይ ላልሽው፣ ያንን የምትወስኑት ሁለታችሁ ናችሁ። ጉድለቱ ቢኖርብሽ እንኳ እያንዳንዱ ልጅ ሳይወርስ የመወለድ ዕድሉ እኩል ነው። የሚወርሰውም ልጅ የሚያድገው በምን እንደሚመረመር በሚያውቅ ቤት ውስጥ ነው። አባትሽ ይህ አልነበረውም።

ለእናትሽ ደግሞ ይሄን አስታውሺያት፦ ሐኪሙ «ይታዩ» ያለው አንቺን ብቻ አይደለም፤ ሌሎች እህት ወንድሞች ካሉሽ እነርሱም አሉበት። ያረፈችው አክስትሽ ልጆችስ? እነርሱም አያውቁ ይሆናል። ወሬው ከቤት መውጣት ያለበት ቢያንስ እስከ እነርሱ ድረስ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ይህን አንብባችሁ ሆዳችሁ በጮኸ ቁጥር እንዳትደነግጡ አደራ። ሽማግሌ ሊልክ ወይም ሊቀበል የተሰናዳ ቤት ግን ሰባት ቤት ሲቆጥር በዚያው እግሩ «በምን ታመሙ?» ብሎ ይጠይቅ። የደሴዋ እህታችን የምርመራዋን ውጤት እንደምትጽፍልኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ለወንድሟም ምሕረቱን ይላክለት።

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!